ያገለገለ ፒክአፕ ስመርጥ የያዝሁት የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1፦ ጭነቱን መመዘን

የብረት በርና መስኮት ሠርተን በየግንባታው ቦታ የምንገጥም ሦስት ሰዎች ነን፤ እስከ ዛሬ ዕቃችንን ያመላለስነው በኪራይ መኪና ነበር። ኪራዩ ከሥራው ጋር አልሄድ ስላለ፣ ጭነት የሚችልና ተሳቢ የሚጎትት ያገለገለ ፒክአፕ ለመግዛት ወስኛለሁ። ይህንን ማስታወሻ የምይዘውም ውሳኔዬ በምን ምክንያት ላይ እንደቆመ በኋላ መለስ ብዬ ለማየት እንዲመቸኝ ነው። ፍለጋውን የጀመርሁት መኪና በማየት አይደለም። አንድ ወዳጄ መጀመሪያ ያየውን መኪና ወድዶ ገዛና ቀሪውን ጊዜ ሥራውን በመኪናው ልክ ሲቆርጥ ኖረ፤ እኔ መኪናውን በሥራው ልክ መቁረጥ ስለፈለግሁ መጀመሪያ ሚዛን ፍለጋ ወጣሁ።

ጎንና ጎኑ 40 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሬ ቱቦ በሜትር 2.3 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ባለ 6 ሜትሩ ዘንግ 14 ኪሎ ይጠጋል። በአንድ ጉዞ ስድሳ ዘንግ እናጓጉዛለን፤ ይህ 840 ኪሎ ነው። ተሠርተው ያለቁ አራት በሮች እያንዳንዳቸው 85 ኪሎ ሆነው 340 ይጨምራሉ። ተሳቢውን ባዶውን የመኪና ሚዛን ላይ አውጥቼ 420 ኪሎ አገኘሁ። ሦስቱ ሲደመሩ 1,600 ኪሎ ይመጣል። በመኪናው በራሱ ላይ የሚጫነው ደግሞ ጄኔሬተሩ 95፣ የብየዳ ማሽኑ 40፣ መቁረጫው፣ መሰርሰሪያው፣ ኬብሉና መሰላሉ በአንድነት 115፣ በሮቹ የሚተከሉበት ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ 150፣ በድምሩ 400 ኪሎ ነው።

ማታ ቁጭ ብዬ ይህንን ጭነት ሰው ሁሉ «አንድ ቶን ይጭናል» በሚለው የፒክአፕ ዓይነት ላይ አሰላሁት። ለምሳሌ የያዝሁት መኪና የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 2,900 ኪሎ፣ ባዶ ክብደቱ 1,880 ኪሎ ነው፤ ልዩነቱ 1,020 ኪሎ ስለሆነ የአንድ ቶኑ ወሬ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ ላይ የሦስታችን ክብደት 225 ኪሎ ይቀነሳል። የፊት መከላከያ ብረት፣ የመሰላል መደገፊያና የመጎተቻው ብረት በአንድነት 95 ኪሎ ይወስዳሉ። ተሳቢው በመጎተቻው ኳስ ላይ የሚጥለው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ መሆን ስላለበት ሌላ 160 ኪሎ ይሄዳል፤ ይህንን ብዙ ሰው «ተሳቢው የራሱን ጎማ ይዞ የለም ወይ?» እያለ ይዘለዋል። የቀረው 540 ኪሎ ሲሆን፣ መሣሪያዬንና ሲሚንቶውን 400 ኪሎ ስጭንበት 140 ኪሎ ብቻ ይተርፈኛል። ለአንድ ቶን መኪና 140 ኪሎ ትርፍ ብዙ አይደለም፤ የዛሬው ሒሳብ ብዙ አማራጮችን ገና ሳላያቸው ከፊቴ አንሥቶልኛል።

ቀን 2፦ ኳሱ ከአክስሉ ኋላ ስለመሆኑ

ትናንት የጻፍሁትን 160 ኪሎ ዛሬ እንደገና አየሁት፤ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም በመኪናው ላይ የሚያደርሰው ጫና ግን ከ160 ይበልጣል። ኳሱ የሚገኘው ከኋላ አክስል 1.2 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ነው፤ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 3 ሜትር ነው ብንል፣ በኳሱ ላይ የሚወርደው 160 ኪሎ ልክ እንደ ሚዛን ምላስ የፊቱን ጎማ ወደ ላይ ያነሣዋል። 160 በ1.2 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 64 ይሆናል፤ ስለዚህ የፊት ጎማዎች 64 ኪሎ ሲቀልላቸው የኋላው አክስል 224 ኪሎ ይሸከማል። መሪ የሚታዘዘውና አብዛኛው የፍሬን ኃይል የሚያርፈው በፊት ጎማዎች ላይ በመሆኑ፣ «ስጎትት መሪው ይቀልልኛል» የሚል ሾፌር ምስጋና ሳይሆን አቤቱታ እያቀረበ ነው።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ነገር ወሰንሁ። አንደኛው ነጠላ ጋቢና ወይም ከወንበሩ ኋላ ትንሽ ቦታ ያለው ጋቢና እንዲሆን ነው። የድርብ ጋቢናው የጭነት ሳጥን 1.5 ሜትር ገደማ ብቻ ርዝመት ስላለው ከባዱ ዕቃ ከአክስሉ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ረጅሙ ሳጥን ግን ጄኔሬተሩን ከጋቢናው ጀርባ አስጠግቼ ከአክስሉ ፊት እንዳስቀምጠው ያስችለኛል። ሁለተኛው፣ በበሩ ምሰሶ ላይ ወይም በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው የፋብሪካ ሰሌዳ ላይ የመኪናውና የተሳቢው ጥምር ክብደት ካልተጻፈ ወይም ሰሌዳው ከተነቀለ መኪናውን እንደማላየው ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የመጎተት አቅም ብዙ ጊዜ መኪናው ራሱ ሳይጫን የሚገኝ ቁጥር ነው። 2,500 ኪሎ ይጎትታል የተባለ መኪና ጥምር ክብደቱ 4,950 ከሆነ፣ እሱ ራሱ 2,900 ሆኖ በተጫነ ጊዜ ለተሳቢው የሚተርፈው 2,050 ብቻ ነው። ለእኔ ይበቃኛል፤ ግን ይህ ልዩነት የማያውቀውን ሰው ቁልቁለት ላይ ያስተምረዋል።

የተሳቢዬን ፍሬንም ዛሬ ፈትሻለሁ። በብዙ አገሮች የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ በላይ እንዳይሆን የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእኔው መኪናው ፍሬን ሲይዝ በግፊት የሚሠራ ፍሬን አለው፣ ሸራው ግን አልቆ ስለነበር መኪናው ከመምጣቱ በፊት እንዲቀየር ለይቼ አስቀምጬዋለሁ።

ቀን 4፦ ሞተር

ናፍጣ ወይስ ቤንዚን የሚለው ብዙ አላከራከረኝም። ለጎታች መኪና ቁም ነገሩ ሞተሩ ቶርክ የሚባለውን የማዞር ጉልበት በስንት ዙር ላይ እንደሚሰጥ ነው። የሁለተኛው ትውልድ ኢሱዙ ዲ-ማክስ ባለ 3 ሊትር ናፍጣ ሞተር 380 ኒውተን ሜትር የሚሰጠው ከ1,800 ዙር በደቂቃ ጀምሮ ነው፤ በሃይሉክስ ላይ የሚገኘው ባለ 2.7 ሊትር የቤንዚን ሞተር 240 ኒውተን ሜትር ገደማውን የሚያገኘው ግን ወደ 4,000 ዙር ሲጠጋ ነው። ዳገት ላይ ተሳቢ እየጎተቱ ቀኑን ሙሉ ሞተርን በ4,000 ዙር ማስጮህ ይቻላል፤ የሚጮኸው ግን ከነዳጅ ማደያው ሒሳብ ጋር ነው። ቱርቦ መኖሩም ከፍታ ባለበት መንገድ ላይ ይጠቅማል፤ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ወደ አሥር በመቶ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል።

የበለጠ ጊዜ የወሰደብኝ የታይሚንግ፣ ማለትም የሞተሩ ቫልቮች በልኩ ጊዜ እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው ክፍል ጉዳይ ነው። የሃይሉክስ 2.5 እና 3.0 ሊትር ናፍጣ ሞተሮች፣ በጋራዥ 2ኬዲና 1ኬዲ የሚባሉት፣ ታይሚንጋቸው በቺንጋ ነው፤ ከ2015 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተተኳቸው 2ጂዲና 1ጂዲ በካቴና ይሠራሉ። የዲ-ማክስ 4ጄጄ1 ሞተርም በካቴና ነው። የሚትሱቢሺ ኤል200 4ዲ56 ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ ያለው ሲሆን፣ ከሥሩ የሞተሩን ንዝረት የሚያስታግሱትን ዘንጎች የምታዞር ሌላ ትንሽ ቺንጋ አለችው። ትንሿ ከተበጠሰች ፍርስራሿ ከትልቁ ሥር ገብቶ እርሱንም ሊያስጥለው ስለሚችል፣ «ቺንጋ ቀይሬያለሁ» የሚል ሻጭ ሁለቱንም ስለመቀየሩ መጠየቅ አለበት። ቺንጋ ያለበትን መኪና አልገዛም አላልሁም፤ የተቀየረበት ደረሰኝ ከሌለ ገንዘቡን ከዋጋው ላይ ቀንሼ በገዛሁበት ሳምንት ለማስቀየር ነው የወሰንሁት። በ2ኬዲና በ1ኬዲ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የቺንጋው ጊዜ ሲደርስ የሚበራ መብራት አለ፤ መብራቱን ግን ቺንጋውን ሳይነኩ በሁለት ደቂቃ ማጥፋት ስለሚቻል፣ አለመብራቱ ምንም አያስረዳም።

ቀን 6፦ በስልክ ማጣራት

ከአሥራ አንድ መኪና አራት ቀርተዋል። ለሁሉም ሻጮች ያቀረብሁት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፦ መኪናውን ማን ነዳው፣ ምን ጎተተ፣ የሻንሲ ቁጥሩን በፎቶ ትልክልኛለህ? የሻንሲ ቁጥር ከ1981 ወዲህ አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ያለው ሲሆን በሰነዱ፣ በፋብሪካው ሰሌዳና በሻንሲው ብረት ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ሁለት ሻጮች ቁጥሩን በመላክ ፈንታ «ስትመጣ ታየዋለህ» ስላሉ በዚያው ተሰናበትን። አንዱ ደግሞ መኪናው ምንም ጎትቶ እንደማያውቅ እየማለ፣ በላከው ፎቶ ላይ የመጎተቻው ኳስ ቀለሙ ተልጦ እንደ ብር ያበራ ነበር።

የአራቱን መኪኖች ፋብሪካ ከዚህ በኋላ አልጻፍም፤ በቀለማቸው እጠራቸዋለሁ። አሥር ዓመት ያለፈው መኪና ላይ የማየው ነገር አብዛኛው የነጂዎቹ የእጅ ሥራ ስለሆነ፣ የአንዱን ባለቤት ቸልተኝነት በፋብሪካው ስም መመዝገብ ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

ቀን 7፦ ነጩ

ነጩ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። ቆጣሪው 140,000 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ቀለሙ ያበራል፣ ጋቢናው ይሸታል፤ ደስ በሚል ሽታ ማለቴ ነው። ነገር ግን የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላስቲክ በቀኝ በኩል ብረቱ እስኪታይ ተበልቷል፤ የሾፌሩ ቀበቶ ጠርዝም ተተልትሎ ጸጉር አውጥቷል። 140,000 የሄደ መኪና እንዲህ አይሆንም። ከሥር ስገባ ሻንሲው ሙሉ በሙሉ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ አገኘሁት። ከላይ የሚቀባ ሰው መኪናውን ለማሳመር ይሆናል፤ ከሥር የሚቀባ ሰው ግን ለማን ብሎ ነው?

ትንሽ መዶሻ ይዤ ነበርና ሻጩን አስፈቅጄ ከፊት ጀምሬ በየአንድ ስንዝሩ ቀስ እያልሁ መታ መታ አደረግሁ። ደህና ብረት ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ እጅም ላይ ይነጥራል። ከኋላው የባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል) ማያያዣ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ስደርስ ድምፁ ታፈነ፤ መዶሻው መንጠሩን ትቶ ካርቶን እንደመታ ተቀመጠ። ጥቁሩ ቀለም ተሰነጠቀና ከሥሩ ቅርፊት የመሰለ ዝገት እጄ ላይ ረገፈ። ሻጩ ደንግጦ «መዶሻህ ነው ያበላሸው» አለኝ፤ አልተከራከርሁም። የሻንሲ ዝገት ትልቁን ፋብሪካ እንኳ ያስከፈለ ነገር ነው፤ ቶዮታ በ2008 በአሜሪካ ከ1995 እስከ 2000 የተሠሩ የታኮማ ፒክአፖችን የሻንሲ ዋስትና ወደ አሥራ አምስት ዓመት አራዝሞ ክፉኛ የዛጉትን መልሶ እስከ መግዛት ደርሷል። ሞተር ይወርዳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፤ የመጎተቻው ብረት በቡሎን የታሰረበት ሻንሲ ሲበሰብስ ግን 1,600 ኪሎ የሚያዘው በቀለም ብቻ ነው።

ቀን 9 እና 10፦ ቀዩ

ቀዩን ለማየት ስደርስ ሞተሩ ትኩስ ነበር። ሻጩን «ነገ ማለዳ እስክመጣ እንዳይነሣ አደራ» ብዬው ተመለስሁ። በማግሥቱ ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን በእጄ ዳሰስሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን አስነሣነው። ነጭ ጭስ ወጣ፤ ናፍጣ ሞተር በብርድ ሲነሣ ለአፍታ ነጭ ማጨሱ ብርቅ አይደለም፣ ይኼኛው ግን ሞተሩ ሞቆም አላቆመም፤ በራዲያተሩ አፍ ላይም ውኃው እንደ ድስት ተንፈቀፈቀ። የቃጠሎው ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው፤ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጓርኒሲዮን ወይም ራሱ ቴስታታው ሄዷል። ከዚህ በላይ የሚጻፍ የለም።

ቀን 11፦ ግራጫው

በጣም የወደድሁት መኪና ይህ ነው፤ ያልገዛሁትም እያዘንሁ ነው። አንድ ባለቤት ብቻ የነበረው፣ ንጹሕ፣ አራቱም በሮች አንድ ዓይነት ድምፅ እየሰጡ የሚዘጉ፣ በኮምፒውተር ሲመረመር አንድም የተመዘገበ ብልሽት የሌለው ድርብ ጋቢና ነው። የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 2,850፣ ባዶ ክብደቱ 2,010፤ ልዩነቱ 840 ኪሎ ነው። የመጀመሪያ ቀኑን ሒሳብ መልሼ ሠራሁት፦ 840 ሲቀነስ 225፣ ሲቀነስ 95፣ ሲቀነስ 160፣ ሲቀነስ 400፤ ከዜሮ በታች 40 ኪሎ። ባለቤቱ «ባሌስትራ ብታስጨምርበት ሁለት ቶን ይችላል» አሉኝ። በትሕትና እንዲህ ብዬ መለስሁላቸው፦ «አባባ፣ ባሌስትራ የመኪናውን ቂጥ ያነሣል እንጂ ፍሬኑን፣ አክስሉንና ሻንሲውን አያጠነክርም፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውም ቁጥር አይለወጥም።» ስቀው ለልጆች ማመላለሻ የሚፈልግ ሰው ካገኘሁ እንድልክላቸው ነገሩኝ። ሁለተኛው ባልደረባዬ ግን እስከ ማታ ድረስ 40 ኪሎ ምን አላት እያለ ሲነዘንዘኝ ዋለ፤ 40 ኪሎዋ ከእርሱ ክብደት ላይ ትቀነስ እንደሆነ ጠይቄው ዝም አለ።

ቀን 14፦ ሰማያዊው

ነጠላ ጋቢና፣ ማኑዋል ካምቢዮ፣ ሞተሩ ባለ ካቴና ናፍጣ፣ ቆጣሪው 268,000። የኋላው ስፖንዳ ተጣሟል፣ የግራ ጎኑ ተጭሯል፣ ወንበሩ ተቀዷል። ባለቤቱ በተሳቢ የውኃ ታንከር ሲጎትቱበት እንደነበር ገና ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤ ከዚያም ዘይት የተቀየረበትን ኪሎ ሜትር በእጃቸው የጻፉበትን፣ ጠርዙ በቅባት የጠቆረ ደብተር አወጡ። ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ዘይት ቅያሪ የሄደበት ቦታ አላየሁም። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይትም በየጊዜው ተመዝግቧል፤ ያንን የሚመዘግብ ሰው ጥቂት ነው። ከዚህ በኋላ ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋልሁ።

በቀዝቃዛው አስነሣነው፤ በአንድ ማዞር ተነሣ፣ ለአፍታ ቀለል ያለ ጭስ ለቆ ጠራ። ጥቁር ጭስ የናፍጣ መብዛት ወይም የአየር ማነስ፣ ሰማያዊ ጭስ ደግሞ የሚቃጠል ዘይት ምልክት ስለሆነ፣ ጋዝ ሲሰጠው ከኋላ ቆሜ ሁለቱንም ጠበቅሁ፤ ቀጭን ጥቁር ብቻ መጣና ሄደ። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቼ እዚያው አፉ ላይ ገልብጬ አስቀመጥሁት። የፒስተን ፋሻው ያለቀ ሞተር ከሥር በሚወጣው ትንፋሽ ክዳኑን ያዘልለዋል ወይም ይጥለዋል፤ ይህ ግን እየተንቀጠቀጠ እዚያው ተቀመጠ። በኮምፒውተሩ ላይ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚረጩትን የአራቱን ኢንጀክተሮች የእርማት ቁጥር አየሁ። የሦስቱ ይቀራረባል፣ የሦስተኛው ሲሊንደር ግን ከሌሎቹ ራቅ ብሏል፤ በደብተሬ ላይ «አንድ ኢንጀክተር» ብዬ ጻፍሁ።

ከሥር ገባሁ። ሻንሲው አልተቀባም፤ አቧራና የደረቀ ጭቃ ብቻ ነው፣ መዶሻውም ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ ጮኸ። ብየዳ ፈልጌ ከጋቢናው ጀርባ፣ ከባሌስትራው ማያያዣዎችና ከመጎተቻው ቡሎኖች ዙሪያ በባትሪ መብራት አጣራሁ፤ ስንጥቅ የለም። በቀኙ ባሌስትራ ሁለተኛዋ ቅጠል ግን ተሰብራለች። ስብራቷ አሮጌና አዲስ ቀለም አለው፤ ግማሹ ዝጓል፣ ግማሹ ገና ያበራል፤ ማለትም መጀመሪያ ተሰንጥቃ ብዙ ቆይታ በቅርቡ ነው የተለያየችው። ኃይል ወደ ኋላ አክስል የሚያስተላልፈውን ዘንግ መገጣጠሚያ፣ የክሮቼራውን መስቀለኛ ይዤ ሳወዛውዘው ልቅነት ተሰማኝ። የዲፈረንሻሉን ዘይት ማፍሰሻ ቡሎን አስፈታሁ፤ ማግኔቱ ላይ የተጣበቀው ግራጫ ቅባት በጣት ሲታሽ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ይህ በማንኛውም ያረጀ ዲፈረንሻል ላይ የሚታይ ነው፤ የምፈራው የጥርስ ስባሪ አልነበረም።

የጎማዎቹ ጥርስ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎናቸው ላይ የተጻፈው አራት አኃዝ የሚያበቃው በ14 ነው፣ የተሠሩት በ2014 ነው ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱን ይነግራሉ። ለጭነትና ለመጎተት እንዲህ ያለ ጎማ አልቀበልም። አዲሶቹን ስገዛ የማየው የጭነት መለኪያውን ነው፤ 112 የተጻፈበት ጎማ አንዱ 1,120 ኪሎ ይችላል፣ ሁለቱ 2,240፤ ከኋላው አክስል ከተፈቀደው 1,800 ኪሎ በላይ መጠባበቂያ ይኖረዋል።

ከሰዓት በኋላ የራሴን ተሳቢ ግማሽ ጭነት ጭኜ አመጣሁና ባለቤቱ አጠገቤ ተቀምጠው ነዳሁት። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር እየሄድሁ ጋዙን ሙሉ ረገጥሁ፤ ፍሪሲዮኑ ቢያረጅ የሞተሩ ዙር ብቻ ዘሎ ፍጥነቱ ይቀር ነበር፣ ዙሩና ፍጥነቱ ግን አብረው ወጡ። ዳገቱን ለሃያ ደቂቃ በሦስተኛ ማርሽ ስንወጣ የውኃውን ሙቀት ከኮምፒውተሩ ላይ ተከታተልሁ፤ ከ88 ተነሥቶ 95 ዲግሪ ላይ ቆመና አልተነቃነቀም። የዳሽቦርዱ መርፌ ብዙ ጊዜ ሞተሩ በጣም እስኪሞቅ ድረስ መሐል ላይ ስለሚቆይ በእርሱ አልተማመንሁም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ መሪው ተንቀጠቀጠ፤ የፊት ዲስኮቹ ተጣመዋል። አራት በአራቱን በደረቅ አስፋልት ላይ አልሞከርሁትም፤ የፊትና የኋላ ጎማዎች በአስፋልት ላይ መንሸራተት ስለማይችሉ ማርሾቹን ያናንቃል። ከመንገድ ወጥተን በጠጠር ላይ አስገባሁት፣ ሎው የሚባለው ቀርፋፋና ባለ ጉልበት ማርሽም ገባ፣ ያለ ድምፅም ወጣ።

ማታ ላይ ያልተስማሙኝን በዝርዝር አነበብሁላቸው፦ አንድ ኢንጀክተር፣ ባሌስትራ፣ ክሮቼራ፣ የፊት ዲስኮች፣ አራት ጎማ። ባለቤቱ ዝርዝሩን ሰምተው «ኢንጀክተሩን አላውቅም ነበር፤ ሌላውን ግን አውቃለሁ» አሉና ዋጋው ላይ ተስማማን። ጭረቱንና የተቀደደውን ወንበር በክርክሩ ውስጥ አላስገባሁም፤ ብረት አይይዙም።

ቀን 16 እስከ 23፦ ጥገና

የባሌስትራውን የተሰበረ ቅጠል ብቻ መቀየር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የቀኙ በአዲስ ቅጠል ሲቃና መኪናው ወደ ግራ ስለሚያጋድል ሁለቱንም ወገን ከነጎሚኒያቸው ቀየርን። ክሮቼራው፣ የፊት ዲስኮቹና ሸራዎቹ፣ የፍሬን ዘይቱ ተቀየሩ። የፍሬን ዘይት እርጥበት እየሳበ የመፍላት ነጥቡ ስለሚወርድ፣ ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ጎታች ላይ የትኛውም አሮጌ ዘይት መቆየት የለበትም። የሞተር፣ የካምቢዮና የሁለቱም ዲፈረንሻሎች ዘይት፣ የራዲያተሩ ውኃና ቱቦዎቹ በአንድ ላይ ታደሱ። ሦስተኛው ኢንጀክተር በመሞከሪያው ላይ ሲታይ ናፍጣውን በጭጋግ መልክ መርጨት ሲገባው አንድ ቀጭን ጅረት ያፈስ ነበር። እንዲህ ያለ ኢንጀክተር የፒስተን ራስ እስከ መብሳት ስለሚደርስ፣ ከጥገናው ሁሉ ያለማመንታት የከፈልሁት ለእርሱ ነው።

አንድ ነገር አጠፋሁ። የተሳቢውን መብራት ሽቦ እኔው ራሴ ከመኪናው የኋላ መብራት ላይ ቀጠልሁና በመጀመሪያው ምሽት ፍሬን ስይዝ የመኪናው ፊውዝ ተቃጠለ። የተሳቢው መብራቶች የሚስቡት በመኪናው መብራት ሽቦ ላይ ሲደረብ ከፊውዙ አቅም በላይ ሆኖ ነበር። በሁለተኛው ሙከራ ከባትሪው ራሱን የቻለ ሽቦ ከነፊውዙ አውጥቼ፣ በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) እንዲበራ አደረግሁት።

ቀን 25፦ የመጀመሪያው ሙሉ ጭነት

ስድሳውን ዘንግና አራቱን በሮች ተሳቢው ላይ፣ መሣሪያውን መኪናው ላይ ጭነን ወጣን። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ችግር አልነበረም፤ 75 ላይ ስደርስ ግን ተሳቢው በመስታወት ውስጥ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። ጋዙን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ፤ ፍሬን አልነካሁም፤ መወዛወዙ ሞቶ ቆምን። ተሳቢውን ከመኪናው ፈትተን ምላሱን በያዝነው የወለል ሚዛን ላይ ስናሳርፈው 115 ኪሎ አነበበ። ከ1,600 ኪሎ ሰባት በመቶ ብቻ ነው። በሮቹን ከዘንጎቹ ጀርባ የጫናቸው ባልደረባዬ ነው፤ የተመለከትሁትና ዝም ያልሁት ደግሞ እኔ።

በሮቹን 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ገፋናቸው። ከተሳቢው አክስል እስከ ኳሱ 3.4 ሜትር ስለሆነ፣ 340 ኪሎ በ0.4 ተባዝቶ ለ3.4 ሲካፈል 40 ኪሎ ወደ ኳሱ ይመጣል። ሚዛኑ 155 አነበበ። እንደገና ወጥተን በ75 ቀጥ ብሎ ተከተለን፤ ዳገቱ ላይ የውኃው ሙቀት 96 ዲግሪ ደርሶ ቆመ፣ በመኪና ሚዛኑ ላይም የኋላው አክስል 1,690 ኪሎ ሆነ። ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ መንገድ ዳር ቆመን የጎማዎቹን ቡሎኖች በቁልፍ ስንፈትሽ፣ አዲስ የታሰሩ ስለነበሩ በቀኙ የኋላ ጎማ ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ገቡ።